ያልተፈታው ጾም

አቶ ከበበው ግትር ናቸው፤ ይህን ጎፋም መካኒሳም ያውቃል። ለሚስታቸው ግን የማይሆኑት ነገር የለም። ወይዘሮ ፀሐይወርቅን የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ወዲህ ፀጉራቸውን እንኳ የሚያበጥሩላቸው አቶ ከበበው ራሳቸው ናቸው።

አንድ ጠዋት መካኒሳ አቦ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከሲሃም ጋር ተገጣጠሙ። ሲሃም የጎረቤታቸው የከድር ልጅ፣ የጥርስ ሐኪም ናት። እንደ ወጉ የባለቤታቸውን ጤና ጠየቀቻቸው።

«ተመስገን ነው፣ ልጄ። እሷማ ጭራሽ መናኝ ሆናልኛለች። ምግብ ባቀረብኩ ቁጥር ‹ጾም ነው› ትለኛለች። ሁሉን ረስታ ጾሟን አለመርሳቷ አይገርምሽም?»

ኩራት ቢጤም ነበረባቸው። ሲሃም ግን እማማ ጉንጫቸውን ይይዙ እንደሆነ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ ፊታቸውን ያኮሳትሩ እንደሆነ ጠየቀች። ለካ ሁለቱንም ያደርጋሉ።

«አባባ፣ የጾመ ሰው ሲፈታ ይበላል» አለች ቀስ ብላ። «እማማ መቼ ፈቱ?»

ታክሲው መጥቶ ሞልቶ ሲሄድ ሁለቱም አልተሳፈሩም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅማ ጥሩ ነበር። ሲሃም ቤት ድረስ መጥታ የበሰበሰ መንጋጋ ጥርስ ማየቷን ስትነግራቸው፣ አቶ ከበበው ሐኪም ቤት ከምትሄድ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። አምና አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሁለት ጎረምሳ ሠራተኞች ለምርመራ ብለው ወይዘሮ ፀሐይወርቅን እጅና እግራቸውን ጠፍረው ሲታገሏቸው፣ ሴትዮዋ እንደ ሕፃን ጮኸው ነበር። ያ ጩኸት ከባላቸው ጆሮ አልወጣም። ሲሃም መታገል እንደማያስፈልግ፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት እንዳለ ብታስረዳቸው ደግሞ ይባስ ደነገጡ።

«ባትነቃስ? የቀራትንም ትንሽ ትዝታ ቢወስድባትስ?»

«አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። ለአዛውንት ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለሁሉም አይሰጥም። አስቀድሞ ልባቸውና የሚወስዱት መድኃኒት ይታያል። የሰመመን ባለሙያው ትንፋሻቸውን እየተከታተለ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚሰጠው። ያንቀላፋሉ እንጂ ሲጠሯቸው ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ሊደናገሩ ይችላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ጥርሱ ግን ካልወጣ ሕመሙ አያልፍም። እርስዎም እጃቸውን ይዘው አጠገባቸው ይቀመጣሉ።»

«እኔ ይዣት?»

«እርስዎ ይዘዋቸው።»

እሺ ያሰኛቸው ይህ ነው። ወይዘሮ ፀሐይወርቅም የባላቸውን እጅ እንደጨበጡ፣ ማንም ሳይታገላቸው ጥርሱ ወጣ። ማታውን ሚስታቸው ሲቃዡ አቶ ከበበው ምነው ባላደረግኩት ብለው ራሳቸውን ረገሙ። በማግስቱ ግን ሰውነታቸው ረጋ። ቁስሉ ሲጠግ የቀረበላቸውን ሁሉ ጠራርገው በልተው «ጨምርልኝ» አሉ።

ወገኖቼ፣ አእምሮው የደከመ ሽማግሌ «አመመኝ» የሚልበትን ቃል ያጣል። ሳህን ሲገፋ፣ ያለ ምክንያት ሲቆጣ አፉን እንይለት። በጉልበት ከመያዝም በሙያ ማረጋጋት ስንት ጩኸት ያስቀራል።

አቶ ከበበው እስከ ከድር ሱቅ ድረስ ሄደው መረቁት፤ ይህችን የመሰለች ልጅ አስተምረህ እግዚአብሔር ይስጥህ አሉት። ከድር ሥራዋ እኮ ነው ቢላቸው አልተቀበሉትም።

«አልገባህም፣ ከድር። ከተጋባን ጀምሮ ከአንድ ሳህን ነው የበላነው። እሷ አልበላም ስትል፣ እኔ በልቼ የማድር ይመስልህ ነበር?»