ሁለት ጎል ያገባችው አስር ቁጥር

(ረቡዕ ከልምምድ በኋላ፣ በወንዝ ማዶ ከነማ ክለብ ሜዳ አጥር ሥር ያለው ቧንቧ ዘንድ፤ የሴቶቹ ቡድን ሁለት አጥቂዎች፣ ይርገዱና ሰርካለም፣ አንዲት ሰማያዊ ማልያ ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ።)

ይርገዱ፦ ልቀቂ አልኩሽ! ይቀደድና ቅዳሜ ሁለታችንም በካናቴራ እንገባለን።

ሰርካለም፦ አንቺ ልቀቂ። ላጥባት ነው የያዝኳት፣ የማጠብ ተራው የኔ ነው።

ይርገዱ፦ ልታጥቢ? በረቡዕ? ሁልጊዜ አርብ ማታ ዘፍዝፈሽ ቅዳሜ በእርጥቡ የምታለብሺን ልጅ፣ ዛሬ ምን መልአክ ነካሽ?

ሰርካለም፦ አሃ። የአዲስ አበባውን ተጫዋች መልማይ ደብዳቤ ሰምተሻል ማለት ነው።

ይርገዱ፦ መስማት ብቻ? ኮች አስናቀ ሲያነበው ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። በቃሌ ልበልልሽ? "ባለፈው እሁድ ከቀይ አፈር ጋር በተደረገው ጨዋታ ሁለት ጎል ያስቆጠረችውን፣ በጭንቅላቷም በግራ እግሯም እኩል የምትመታውን አስር ቁጥር ለባሽ፣ ቅዳሜ ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ለሙከራ ወደ አዲስ አበባ ይዘን ለመሄድ..."

ሰርካለም፦ "...ፈቃድዎን በአክብሮት እንጠይቃለን።" እኔም አንብቤዋለሁ።

ይርገዱ፦ በቃ፣ ካነበብሽ ጨረስን። አስር ቁጥር እኔ ነኝ።

ሰርካለም፦ እስከ እረፍት። ከእረፍት በኋላ እኔ ነበርኩ።

ይርገዱ፦ በጭንቅላት ያገባሁት እኔ!

ሰርካለም፦ በግራ ያገባሁት እኔ!

ይርገዱ፦ ያንቺ እኮ ተከላካይዋን ነክቶ ነው የገባው።

ሰርካለም፦ ያንቺስ? ዓይንሽን ጨፍነሽ አልነበር እንዴ የዘለልሽው? ኳሷ ናት መጥታ የመታችሽ።

ይርገዱ፦ መጥታ ብትመታኝም ጎል ናት። ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ የማን ነው? ያንቺ አክስት! አስራ ሰባት የሚያምር ሰማያዊ ማልያ አምጥተን፣ እጥብላችኋለሁ ብላ ሰባቱን በበረኪና የጨረሰችው ማን ናት?

ሰርካለም፦ አክስቴን ተያት። እንዲጸዳ ብላ ነው።

ይርገዱ፦ ጸድቶማ ነበር። ሰባቱ የቡና ቤት መጋረጃ መሰለ። በረኛዋ የራሷ አላት እንበል፤ እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ በአስር ማልያ! የምትወጣው አውልቃ ለምትገባው እየሰጠች፣ መስመሩ ላይ በፎጣ ተጋርደን። ዳኛው እሁድ ወረቀቱ ላይ "አስር ወጣች፣ አስር ገባች" ብሎ ጽፎ ራሱ ሲስቅ አላየሽውም?

ሰርካለም፦ አየሁት። ያንቺን ላብ ለብሼ ስገባም አልሳቅኩም።

ይርገዱ፦ ጎል ያለበት ላብ ነው፣ ባርኮልሽ ነው ያገባሽው።

ሰርካለም፦ እንዲያውም እኮ ሰውየው አይፈረድበትም። ቁመታችን አንድ፣ አውቶብስ ላይ የሠራሽኝ ሹሩባ አንድ። ለእረፍት ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ሲመለስ ያው አስር ቁጥር እየሮጠች ናት። ምን ይወቅ?

ይርገዱ፦ ስለዚህ የሚፈልጋት ልጅ የለችም። ግማሿ እኔ፣ ግማሿ አንቺ። ኮች ደግሞ ራሱን አያመውም፣ "ተስማሙ፣ ቅዳሜ አስርን የለበሰች ትሄዳለች" ብሎ እጁን ታጠበ።

ሰርካለም፦ እኔም እጄን ልታጠብ፣ ማልያውን ልቀቂልኝ።

ይርገዱ፦ ሰርኬ፣ እየቀለድኩ አይደለም። ሰኞ ኮምቦልቻ ልሄድ ነው።

ሰርካለም፦ ምን ልትሠሪ?

ይርገዱ፦ እህቴ ጸጉር ቤት ከፍታለች። አባዬ "ኳሱ እስከ ሰኔ ነው" ብሎኝ ነበር፤ ሰኔ ደረሰ። ሻንጣዬ በር ላይ ነው ያለው፣ ስወጣ ስገባ ያደናቅፈኛል። ቅዳሜ ሰውየው ካልወሰደኝ፣ ኳስ ድጋሚ የማየው በቴሌቪዥን ነው።

ሰርካለም፦ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?

ይርገዱ፦ ብነግርሽ ታዝኚልኛለሽ። ስታዝኚ ደግሞ ኳስ አታቀብይም፣ አውቅሻለሁ።

ሰርካለም፦ እሺ፣ ስሚኝ። ለሰውየው እንደውልለትና እውነቱን እንንገረው። ቁጥሩ ደብዳቤው ግርጌ አለ።

ይርገዱ፦ አይሆንም!

ሰርካለም፦ ለምን አይሆንም?

ይርገዱ፦ ካርድ የለኝም።

ሰርካለም፦ ትናንት ማታ ስትሞዪ አይቼሻለሁ።

ይርገዱ፦ አለቀ።

ሰርካለም፦ በአንድ ማታ? ማንን ስታወሪ?

ይርገዱ፦ ...ሰዎችን።

ሰርካለም፦ ይርገዱ! ደውለሽለታል!

ይርገዱ፦ ትንሽ ነው ያወራነው።

ሰርካለም፦ ምን አልሽው?

ይርገዱ፦ "ሁለቱንም ያገባሽው አንቺ ነሽ?" አለኝ። አዎ አልኩት።

ሰርካለም፦ እና?

ይርገዱ፦ "ግራ እግርሽን ወድጄዋለሁ" አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት።

ሰርካለም፦ በኔ እግር አመሰገንሽ?!

ይርገዱ፦ "ከማን ተማርሽው?" አለ ደግሞ። ተፈጥሮ ነው አልኩት።

ሰርካለም፦ የማን ተፈጥሮ! እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጋር ስታገል ነው ያመጣሁት! ባለቤቱ "ግድግዳዬን ልታፈርሺው ነው" እያለ ስንቴ አባሮኛል!

ይርገዱ፦ እሱን አላነሳሁበትም። አሁን ዋናው ችግር... ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ አምስት ኳስ በግራዬ እንድመታለት ጠይቆኛል።

ሰርካለም፦ አንቺ? በግራሽ? ግራሽ እኮ ለቀኝሽ መቆሚያ ነው!

ይርገዱ፦ ለዚህ ነዋ የመጣሁት። ማልያውን ትሰጪኝና፣ በሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ ግራውን ታስተምሪኛለሽ።

ሰርካለም፦ ማልያውንም እግሬንም? ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ነው የመጣሽው? ለምን ጫማዬን አትጨምሪበትም?

ይርገዱ፦ ጫማሽ ይጠበኛል።

ሰርካለም፦ እሺ ነይ፣ ኳሷን እዚህ አስቀምጪና በግራሽ ምቺ። ያንን አሮጌ ጎማ አየሽው? እሱን ምቺ።

ይርገዱ፦ እንኪ... መታሁ!

ሰርካለም፦ ጎማውን?

ይርገዱ፦ ኳሷን ነው ያልኩሽ። ወደ አጥሩ ማዶ ሄደች። ቆይ ዘልዬ ላምጣት።

ሰርካለም፦ ቶሎ በይ፣ ያለችን አንድ ናት።

ይርገዱ፦ ...አመጣኋት። አንዲት ሴትዮ ጎመኗ መሃል አግኝታ እየተሳደበች ነበር። ያንቺን ስም ነገርኳት።

ሰርካለም፦ ምኑ ይገርማል፣ ለምደሽበታል። በይ እንኪ።

ይርገዱ፦ ምኑን?

ሰርካለም፦ ማልያውን። ያዢ።

ይርገዱ፦ ቆይ፣ እንዲሁ? ሳንጣላ?

ሰርካለም፦ ዓመቱን ሙሉ ዘጠኝ ጨዋታ አሸንፈን፣ ሁለት አቻ ወጥተን፣ ቅዳሜ ብናሸንፍ አንደኛ ዲቪዚዮን መግባታችን ነው። በማልያ ተናክሰን ብንሸነፍ እነዚያ ልጆች በቁማችን ይቀብሩናል። ደግሞ ካለፍን እኔ እዚሁ እጫወታለሁ። አንቺ ሰኞ የለሽም። ሒሳቡ ቀላል ነው። አምስቱን ኳስ ደግሞ እንደምንም እናለማምድሽና ሁለቱ እንኳ ከገቡ "እግሬን አሞኛል" ትይዋለሽ። ውሸት እንደሆን አይከብድሽም።

ይርገዱ፦ አንቺ ግን መሄድ አትፈልጊም?

ሰርካለም፦ ማን አልፈልግም አለሽ?

ይርገዱ፦ ታዲያ?

ሰርካለም፦ ደብዳቤውን አራት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ ይርጌ። "በግራ እግሯ" የሚለው ላይ ስደርስ እያቆምኩ። በሕይወቴ ስለኔ የተጻፈ ነገር እሱ ብቻ ነው፣ የትምህርት ቤት ማስጠንቀቂያ ካልቆጠርሽ። በቃ፣ እንኪ ያዢው፣ እጄ ዛለ።

ይርገዱ፦ እንደዚህ አድርገሽ አትስጪኝ።

ሰርካለም፦ እንዴት አድርጌ?

ይርገዱ፦ በደህና ፊት። ብትሰድቢኝ ይሻለኛል።

ሰርካለም፦ ባለጌ።

ይርገዱ፦ ጨምሪ።

ሰርካለም፦ ዓይን አውጣ። ሌባ። እግር የሚሰርቅ ሌባ ካንቺ በፊት አላየሁም።

ይርገዱ፦ አሁንም አልቀለለኝም። ስልክሽን ስጪኝ።

ሰርካለም፦ ምን ልታደርጊ?

ይርገዱ፦ ካርዴ አልቋል አላልኩሽም? ስጪኝ።

ሰርካለም፦ ይርጌ፣ ተይ። ዋሽታኛለች ብሎ ሁለታችንንም ቢተወንስ? ሰኞ እኮ ሩቅ አይደለም።

ይርገዱ፦ አውቃለሁ። ቀኑን ከኔ በላይ የቆጠረው የለም። እስቲ ዝም በይ፣ እየጠራ ነው። ...ሄሎ? ጋሽ ፍስሐ? እንዴት አመሹ? ይርገዱ ነኝ፣ የትናንቷ አስር ቁጥር። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግራ እግሬም ደህና ነው፤ ግን የኔ አይደለም። ...አይ፣ አልታመምኩም፣ ዋሽቼዎት ነው። የጭንቅላቱ ጎል የኔ ነው፣ የግራው የሰርካለም ነው፤ አንድ ማልያ ስለሆነ ያለን በየተራ ለብሰነው ነው። አዎ፣ ሁለት ነን። ሁለታችንንም ከፈለጉ ቅዳሜ መኪናው ላይ ሁለት ወንበር ይያዙልን። ...እንዴ? አንድ ብቻ? እሺ... እንግዲያው ግራዋን ያስቀድሙ።