ስለ ዶክተሩ ልምምድና ስለ ጓድ ሊቀ መንበሩ ጉበት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ውድነሽ ገብረ መድህን
ዕድሜ፦ 58
አድራሻ፦ አሰላ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ
ቀን፦ ሰኞ የካቲት 5 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡30

ዶክተር ተክለወልድ ሣህሌ በአንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤቴ ነው። የፊታችን ረቡዕ አዲስ አበባ ላይ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስትነት ፈተና አለበት። ፈታኞቹ የማያውቀውን በሽተኛ ፊቱ አስተኝተው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሕመሙን እንዲለይ ይጠይቁታል። አምና ሰዓት አልቆበት ወድቋል። ዘንድሮ ግን፣ “አንተ ልጅ፣ በሽተኛ እኔ አመጣልሃለሁ፣ ተለማመድ” ብዬ ሰፈሩን የጠራሁት እኔ ነኝ። ባለ ደወል ሰዓቱን ይዤ የፈተንኩትም እኔው ነኝ። ሕመሙን አስቀድሞ የሚናገር ከሰልፍ ይወጣል ብዬ ስለነበር፣ ባለ ሱቋ ወ/ሮ ሀሊሜ “ኩላሊቴን” ብላ ስትጀምር ወደ ኋላ መልሻታለሁ።

እሑድ የካቲት 4 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ግቢያችን ሞላ። በዚያው ሰዓት የቀበሌ ስብሰባ ስለነበረ አዳራሹ ባዶውን ቀረ። በ4 ሰዓት ሊቀ መንበሩ ጓድ ጉቱ ቱፋ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጥተው፣ “ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው? ያለ ፈቃድ ስብሰባ ነው?” አሉ። “ሰልፍ ነው። እርስዎም ካመመዎ ከኋላ ይቁሙ” አልኳቸው። እሳቸው ግን ሰው ሁሉ እያየ ከፊት ገቡ፤ ጠመንጃቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ሸሚዛቸውን አውልቀው ተኙ። ደወሉ ሊጮህ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዶክተሩ ጉበታቸው ማበጡን ለይቶ፣ “አረቄውን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉ” አላቸው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰልፋችን ሕጋዊ ነበር። ከዚያ በኋላ ፀረ አብዮት ሆነ። ሊቀ መንበሩ ሸሚዛቸውን ሳይቆልፉ ዶክተሩን አስይዘው ወሰዱት፤ እስካሁን በቀበሌው እስር ቤት ይገኛል።

ቃሌን የሚጽፉት አሥር አለቃ፣ “እማማ፣ ጉበቱ ከጉዳዩ ጋር ስለማይገናኝ ይቅር” ብለውኝ ነበር። ካልተጻፈ አልፈርምም ስላልኩ ተጽፏል።

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሳል። ዶክተሩ በዚያ ካልተሳፈረ ሌላ ዓመት ሊጠብቅ ነው። ስለዚህ ሰልፈኞቹ በሙሉ ሊመሰክሩ እዚሁ ፖሊስ ጣቢያ በረንዳ ላይ ተራ ይዘዋል። ይህም ያለ ፈቃድ ስብሰባ እንዳይባል ከወዲሁ አስመዝግቤአለሁ። ከእኔ ቀጥለው የሚገቡት የጓድ ጉቱ ባለቤት ወ/ሮ በቀለች ናቸው፤ ስለ አረቄው እሳቸው ይናገራሉ።

ከላይ ያለው ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና በእጄ ያደረግኩት እውነት ነው። ሲነበብልኝ ሰምቼ፣ ጉበቱም ሳይቀነስ መግባቱን አረጋግጬ፣ በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ውድነሽ
ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ገብረ ማርያም ፈቃደ