ውሃ የማይነካው የጠላቂ ሰዓት

ነይ እስቲ እህት ዓለም፣ እዚህ ከእኔ ጋር ተቀመጪ። መንገዱ እንዴት ነበር? ዛሬስ ፀሐይዋ ደህና ናት፤ ለዋና የተመቸ ቀን ነው መሰለኝ... ወንድምሽን ተይው። ሦስቱን ሰዓቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ከሰካ ወዲያ ጆሮው አይሰማም። ደግሞ የማወራሽ ስለ እሱ አይደለም፤ ስለ አንድ ስለማውቀው ሰው ነው።

ይኸው ሰው፣ አንቺዬ፣ የድሮ የጠላቂ ሰዓት ይሰበስባል። ከዋናተኛ ጋር ባሕር ወለል ድረስ የሚወርደውን፣ ውዱን። እኔ ባይ ባይ ሁሉም አንድ ናቸው። እሱ ግን የዚህኛው ጥቁር ፊት በዕድሜ ቡናማ ሆኗል፣ የዚያኛው ጽሑፍ ቀይ ነው፣ ያኛው ደግሞ ቀን አያሳይም እያለ ይለያቸዋል። አንዷ ፊደል ከሌላዋ የፀጉር ያህል ብትወፍር ከበሩ ላይ ሆኖ ያውቃታል። እንዲህ ያለ ዓይን ስንቱ ታድሏል?

ጥንቃቄውስ ብትይ! እጁን ሊታጠብ ሲል እንኳ ያወልቀዋል። የጠላቂው ሰዓት ውሃ ፈርቶ እኮ አይደለም... ውስጡ ያለው ላስቲክ አርጅቶ ነው አሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እሱን ግን የት አግኝቶ ያስቀዋል፣ ቀድሞ ይሸሻላ።

ባለፈው ልጁ ዋና ስትወዳደር ሄደልሽ። መሄዱም ትልቅ ነገር ነው፣ ስንቱ አባት ይቀር የለ? ከፊት ሊቀመጥ ሲል የውሃው ፍንጣቂ ደረሰ። ሰዓቱን በመሐረብ ሸፍኖ መጨረሻው ረድፍ ላይ ወጣ። እዚያ ሆኖ ምን የመሰለ ጭብጨባ አጨበጨበ መሰለሽ... ለሌላ ሰው ልጅ። ምን ያድርግ? ሁሉም ያው ሰማያዊ ቆብ አድርገዋል፣ ሰዓት አይደሉ በምን ይለያቸው? ከአንጀት ካጨበጨቡ ልጅ አይገድም። የራሱ ልጅ ውሃው ውስጥ ሆና ቀና ብላ ታየው ነበር።

አልተቀየመችም እኮ። ዛሬ ጠዋት ለፍጻሜው ስትወጣ፣ "አባዬ ባይመጣ ይሻላል፣ ሰዓቱ ይረጥብበታል" ብላኝ ሄደች። አሳቢ ልጅ ናት።

በይ ተነሺ፣ ከፊት ወንበር እንድናገኝ። ...ማጉያውን አወለቀ እንዴ? ዓይኑን ደክሞት ይሆናል።

ያን ሰው ግን ሳልመርቀው አልወጣም። ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ይሽበትልን። ጧሪ አያሳጣው። መቼም የሽማግሌ ሽበት ሁሉ ያው ነው... ልጁ ከመሀላቸው፣ ልክ እሱ እሷን እንደሚለያት አድርጋ፣ ለይታ ትጡረው። አሜን በይ እንጂ።