ካፖርቱን እንጂ ፊቱን አላየሁም

የምስክር ቃል (ቀደም ሲል የተሰጠውን ቃል የሚያርም)

የምስክር ስም፦ እትዬ ቁልፍ (በአካባቢዋ የምትጠራበት ነው፤ የመዝገብ ስሟ በማኅደሩ ሽፋን ላይ ሰፍሯል)
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከመነጽር ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ወደ መንገድ የሚያይ ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40
ጉዳዩ፦ በመነጽር ቤቱ ላይ የተፈጸመ ስርቆት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ባለፈው ሐሙስ በዚሁ ጣቢያ በዚሁ ጉዳይ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ዛሬ የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ እግር ነው። በሐሙሱ ቃሌ ምክንያት አንድ ሰው ታስሯል፤ ቃሌ ደግሞ ልክ አይደለም። መርማሪው የትኛው ክፍል ልክ እንዳልሆነ ስለጠየቁኝ ከመነጽሩ ልጀምር አልኩ። ስለ መነጽር ማውራቱ ለጉዳዩ ያስፈልግ እንደሆነ ሲጠይቁኝም፣ ያለ መነጽሩ ነገሩ እንደማይገባቸው ነግሬያቸዋለሁ።

ልብስ ስሰፋ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የስፌት መኪናዬ የተቀመጠው ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ቁልቁል ሲታይ የመነጽር ቤቱ በር ፊት ለፊቴ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ስላቃተኝ በማንበቢያ መነጽር ነበር የምሠራው። ለመስፋት አደርገዋለሁ፣ ደንበኛ ለማየት አወልቀዋለሁ፤ በቀን መቶ ጊዜ። ከሁለት ወር በፊት ወደ መነጽር ቤቱ ሄድኩ። የቤቱ ባለቤት የሆነው ባለሙያ አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኔን መርምሮ፣ ከላይ ሩቁን፣ ከታች ቅርቡን የሚያሳይ፣ መሐሉ ላይ መስመር የሌለው ፕሮግረሲቭ የሚባል መነጽር እንደሚሻለኝ ነገረኝ። "ፍሬም ይምረጡና ልለካዎት" አለኝ። የምርመራውን ወረቀት ተቀብዬ "አስቤበት እመለሳለሁ" አልኩት። አልተመለስኩም።

ሴት ልጄ በቅርቡ ሥራ ጀምራለች። ወረቀቱን አይታ፣ ያንኑ መነጽር ኢንተርኔት ላይ በሢሶ ዋጋ አገኘችው። "እማዬ፣ በመጀመሪያ ደመወዜ እኔ ልግዛልሽ" ስትለኝ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። የማዘዣው ቅጽ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለውን ርቀት ይጠይቃል። ልጄ "ባለሙያ ቢለካው ይሻላል ይላል" አለችኝ። ሰው ስለካ ያረጀሁትን ሴት ማን ነው የሚለካኝ ብዬ መስታወት ፊት ቆምኩና በልብስ ሜትሬ ለካሁ። ስልሳ ሁለት ሚሊ ሜትር ወጣ። ልጄን ግን ስልሳ ስድስት ብለሽ ጻፊ አልኳት።

አራቱን ትርፍ ሚሊ ሜትር ከየት እንዳመጣሁ መርማሪው ጠይቀውኛል። ልብስ ሲለካ ለስፌት የሚሆን ትርፍ ይተዋል። ልክ ልኩን የሚቆርጥ ሰፊ ደንበኛውን በብብቱ ያስለቅሰዋል። እጄ ለምዶበት ነው የጨመረው፤ ዓይንም እንደ ብብት የሚጠብ መስሎት ይሆናል። ቅጹ ሌላ ልክ አልጠየቀም፤ ፍሬሙ ፊቴ ላይ የት ላይ እንደሚያርፍም የጠየቀ የለም።

መነጽሩ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በፖስታ መጣ። ፍሬሙ ያምራል። ሳደርገው ወለሉ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ልጄ እስኪለመድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ተብሎ መጻፉን ነገረችኝ፤ እኔም ታገስኩ። አንገቴን እያመመኝ፣ ደረጃ ስወርድ ግድግዳ እየያዝኩ፣ ለሕንፃው ሰው ሁሉ ግን "ልጄ የገዛችልኝ ነው፤ ከመነጽር ቤቱ በምን ያንሳል?" እያልኩ አወራሁ። ባለሙያውን ፊት ለፊት ላለማግኘት ከቤት ስወጣ በጓሮ በኩል ነበር የምዞረው። የሰውን አንድ ሰዓት በልቼ ገንዘቤን ሌላ ቦታ ስለሰጠሁ አፍሬ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ የጃኬት ዚፕ እያስገባሁ ሳለ የመስታወት መሰበር ድምፅ ሰማሁ። መነጽር ቤቱ ለምሳ ተዘግቶ ነበር። እጄ ጨርቁ ላይ ስለነበር ራሴን ሳልደፋ ዓይኔን ብቻ ቁልቁል ጣልኩ። ረጅም ቡኒ ካፖርት የለበሰ ሰው ሣጥን ታቅፎ ከመነጽር ቤቱ በር ወጣና ወደ ቀኝ ሄደ። ያየሁት ይህንን ነው። ሌንስ ቆራጩ፣ ማለትም አሁን የታሰረው ሰው፣ ረጅም ቡኒ ካፖርት አለው፤ እጅጌውን ያሳጠርኩለት እኔ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ከባለሙያው ጋር ተጣልቶ ከመነጽር ቤቱ መልቀቁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል። የእኔ ግን በጆሮ ገብቶ በዓይን የወጣ ነው።

በዚያው ዕለት በ10 ሰዓት እዚህ ስመጣ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ መነጽሩም አፍንጫዬ ላይ ነበር። መርማሪው "ፊቱን በግልጽ አይተውታል?" ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም ብል ልጄ ደክማ የገዛችልኝ መነጽር አያሳይም ማለቴ ነው፤ ሕንፃው ሁሉ የሰማው ጉራዬም ሊበላሽ ነው። "በዚህ መነጽር ምን የማይታይ አለ!" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሌንስ ቆራጩ በዚያው ምሽት ተያዘ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ መጣች። የመጣችው ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጉልበቱ የተቀደደ የሥራ ሱሪውን ይዛ "እትዬ፣ ሲወጣ የሚለብሰው ነው፤ ቀዳዳውን ይጥቀሙልኝ" አለችኝ። ሱሪውን ተቀበልኳት። ዓይኗን ማየት ስላልቻልኩ ሱሪው ላይ አቀረቀርኩ።

ትናንት ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሱሪውን ሠርቼ ላደርስላት ስወርድ የመጨረሻውን ደረጃ ሳትኩና ከሕንፃው በር ላይ ተዘረርኩ። ከማዶ ሮጦ የመጣው ባለሙያው ነው፤ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ ነበር የመጣው። ቁርጭምጭሚቴን ነካክቶ አለመሰበሩን ካየ በኋላ ደግፎ አሻገረኝ፤ ውኃም ሰጠኝ። "ነግሬዎት ነበር" የሚለውን ቃል እየጠበቅኩ ነበር። አላለኝም። "መነጽርዎን ልይልዎት?" ብቻ አለኝ።

መልሶ አደረገልኝና ፊት ለፊቴ በርከክ ብሎ፣ ዓይኔ ያለበትን ቦታ ሌንሱ ላይ በቀጭን እስክሪብቶ ነጠብጣብ አድርጎ ምልክት አደረገበት። ከዚያ አውልቆ ብዙ አገላበጠው። "ሌንሱ ጥሩ ነው እትዬ፤ መጥፎ ዕቃ አልሸጡልዎትም" አለኝ። "የተቀመጠበት ቦታ ነው። የማንበቢያው ክፍል ወደ ላይ ወጥቶ ዓይንዎ ፊት ቆሟል። ትንሽ ዝቅ ብለው ካዩ፣ ሩቁን የሚያዩት በማንበቢያው ነው።" አንድ ዓይነት ሌንስ ብቻ ያለው መነጽር ቢሆን ከኢንተርኔትም ሊሆን ይችል እንደነበር፣ ይህኛው ግን ፍሬሙ ፊት ላይ ሆኖ ካልተለካ እንደማይሆን አስረዳኝ። በዓይኖቼ መካከል ያለውን ርቀት ማን እንደለካው ሲጠይቀኝ የስፌቱን ትርፍ ነገርኩት። ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቻለም፤ ሳቀ። እኔም ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ሳቁን አቋርጦ "እትዬ፣ ሐሙስ ዕለት ያዩት በዚህ ነው?" አለኝ። በዚህ ነው አልኩት።

እዚህ ላይ መርማሪው እንዲመዘግቡልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የተሰረቀው የዚህ ሰው ዕቃ ነው። ሌባው ሌንስ ቆራጩ ነው ብሎ ያምን እንደነበር ራሱ ነግሮኛል፤ ከእኔ ቃል በቀር በእጁ ሌላ ማስረጃ የለውም። እኔ ደግሞ ምርመራውን ወስጄ ሌላ ዘንድ የገዛሁበት ሴት ነኝ። ነጠብጣቡን ጠርጎ መነጽሩን መልሶልኝ "ይለመዳል" ብሎ ቢሸኘኝ ማንም አያውቅበትም ነበር። ሰው ማመስገን አይቀናኝም፤ ደንበኞቼም ይህን ያውቃሉ። ይህን ሰው ግን አደንቀዋለሁ።

"ቤትዎ ወጥተን እንሞክረው" አለኝ። ደግፎኝ ወጣን። መኪናዬን፣ ወንበሬን፣ መስኮቱን አየ። ጠርዙ እስኪሰፋ የተሰቀለ የደንበኛ ቡኒ ካፖርት አይቶ "ላፍታ ልዋሰው" አለና ይዞት ወረደ። እኔ እንደ ሐሙሱ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ከታች "እትዬ፣ ያን ቀን እንዳዩት አድርገው ይዩ!" ብሎ ተጣራ። ዓይኔን ቁልቁል ጣልኩ። ቡኒ ካፖርት የለበሰ ሰው ከመነጽር ቤቱ በር ወጥቶ ወደ ቀኝ ሄደ። ትከሻው፣ አረማመዱ፣ ሁሉ ነገሩ ያው ነው። "እሱ ነው! ፈቱት እንዴ?" ብዬ ጮኽኩ።

ሰውየው ቆም ብሎ ወደ ላይ አንጋጠጠ። "እማዬ" አለኝ።

ልጄ ነበረች። ከሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ አግኝቷት ካፖርቱን ያለበሳት እሱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያሳደግኳትን፣ ፊቷ እንዳይጠቁር ብዬ የዋሸሁላትን ልጅ፣ ሌንስ ቆራጩ ነው ብዬ መሰከርኩባት። በዚያ በር የወጣው ማንም ቢሆን የማሳስረው ሌንስ ቆራጩን ነበር።

ልጄ ደረጃውን ወጥታ ስትመጣ እያለቀሰች ነበር። መነጽሩ አያሳየኝም ብዬ ነገርኳት። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው አልኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። ባለሙያው መልሶ ወደ ሱቁ ሊወስደኝ አልፈለገም። ፍሬሜን አስተካክሎ፣ ስፌት መኪናዬ ፊት አስቀምጦኝ፣ እየሰፋሁ ሳለ አጎንብሶ እንደገና ምልክት አደረገ። "የእኔ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ታካሚ ነዎት፤ ሰፊ የሚሆኑት እዚህ ነው" አለኝ። ልኬን በሚሊ ሜትር ጻፈ። ስልሳ ሁለት ነው፤ ሜትሬ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

የግል ተበዳዩ፣ ማለትም ባለሙያው፣ ቃሌን እንድቀይር አግባብቶኝ ወይም ቃል ገብቶልኝ እንደሆነ መርማሪው ጠይቀውኛል። አላግባባኝም። ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቀው "ያንን እኔ አልነግርዎትም" አለኝ። ደረጃው ጋ ሲደርስ ግን ዞር ብሎ "እኔ የጠፋብኝ ዕቃ ነው፤ እሱ ቤት የጠፋው አባት ነው" አለኝ። በዚያው ምሽት እያነከስኩ እዚህ መጥቼ መርማሪው መውጣታቸው ስለተነገረኝ ዛሬ በሩ ሳይከፈት ቆሜ ጠብቄያለሁ።

ሌንስ ቆራጩ አልሰረቀም አልልም፤ ሰርቋልም አልልም። አላውቅም። ያየሁት አንድ ካፖርት ነው፤ ካፖርት ደግሞ ማንም ይለብሰዋል።

ቃሉ ከተነበበልኝ በኋላ አንድ እርማት ጠይቄያለሁ። ከላይ ከበሩ ሲወጣ ስላየሁት ሰው "ረጅም ቡኒ ካፖርት" የሚለው ላይ "ረጅም" የሚለው ይሰረዝልኝ። ርዝመቱን ያወቅኩት ለሌንስ ቆራጩ እጅጌውን ካሳጠርኩለት ካፖርት ነው እንጂ በመስኮት አይቼ አይደለም። መርማሪው ሰርዘውታል።

ባለሙያው የሚሠራልኝ አዲሱ መነጽሬ ገና ስላልደረሰ ይህን የምፈርመው ጆሮ ላይ የሚያርፈው ዘንጉ በክር የታሰረ አሮጌ የማንበቢያ መነጽሬን አድርጌ ነው። የሐሙሱ ቃሌ ከዚህ ጋር እንዲያያዝና የታሰረው ሰው በእኔ ዓይን እንዳይያዝ እጠይቃለሁ። የጠቀምኩትን ሱሪ ለሚስቱ ሳላደርስ እዚህ ይዤው መጥቻለሁ፤ ሲወጣ ይሰጠው። የተናገርኩት በሕሊናዬ ፊት እውነት ነው፤ ልኩ ያየሁትን ያህል ብቻ ነው፤ ትርፍ አልተውኩበትም።

የምስክር ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ከቃሉ ጋር የተረከብኩት፦ አንድ የወንድ የሥራ ሱሪ፣ ጉልበቱ የተጠቀመ