የባለተሳቢው ደረት

በአንድ የዕረፍት ቀን ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ጎረቤቴን ከእህታቸው ልጅ ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ሰፈርተኛው ስማቸውን ትቶ «ባለተሳቢው» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ፣ ዛሬም ሞተር እየጮኸባቸው ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሆናለች። ወላጆቿ ካለፉ ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«መምህር፣ እንኳን መጡልኝ፤ እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ። «ሳምንቱን ሙሉ ስትለፋ የከረመች ልጅ በዕረፍቷ ቀን ሆስፒታል ሄዳ የሰው ልጅ ታቅፋ ትውላለች። ዘመዷ አይደለ፣ ደመወዝ የላት። ይህ የጤና ነው?»

«ጋሼ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ እኮ ነው» አለች ልጅቱ ፈገግ ብላ። «ማንም ሳያስገድደኝ፣ ክፍያም ሳልጠብቅ፣ ወድጄ የምሠራው።»

«ወድዶ መድከም ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ሆስፒታሉ ሰው ከጎደለው ለምን አይቀጥርም? አንቺ በነፃ ስትሠሪ ሥራ ፈላጊው ደጅ ይቀራል።»

ነገራቸው ውሃ የሚያነሣ ነበርና ምን እንደምትመልስ ለመስማት ጆሮዬን አቆምኩ።

«የነርስ ሥራ ብነካ ኖሮ ልክ ነበሩ። እኔ መርፌ አልወጋም፣ መድኃኒት አልሰጥም። እነዚህ ሕፃናት ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ናቸው፤ ሰውነታቸው ሙቀት አይዝም። እናት ደረቷ ላይ ለጥፋ ስታቅፋቸው ይሞቃሉ፣ ትንፋሻቸውም ይስተካከላል። እናትየዋ ስትታመም ግን ያ ደረት ከየት ይምጣ? ነርሶቹ ካንዱ ወዳንዱ ሲሮጡ ይውላሉ። ሰዓታት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ አቅፎ የሚቀመጥ ተቀጣሪ የለም።»

«እሺ፣ ለምን አንቺ? ወይስ ሰው እንዲያመሰግንሽ ነው?»

«መጀመሪያ ላይ እሱም ነበረበት፤ አልዋሽዎትም። ቤት ተቀምጬ ስልክ ስነካካ መዋልም ሰልችቶኝ ነበር። አሁን ግን ካልሄድኩ ቀኑ የጎደለ ይመስለኛል። እርስዎስ፣ በረሃ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት የቆመ ሾፌር አይተው አልፈው ያውቃሉ?»

«እንዴት ተብሎ ይታለፋል? ውሃ ይሰጠዋል፣ ጎማ ይፈታለታል፣ እስኪነሣ ድረስ አብረውት ይቆማሉ።»

«ማን ከፈለዎት?»

«እሱማ የመንገድ ወግ ነው።»

«እኔም የቆመ ሰው አይቼ ነው የቆምኩት፣ ጋሼ።»

ባለተሳቢው ግን «ሾፌርና ሕፃን ምን አገናኛቸው» እያሉ አጉተመተሙ። እኔም የታመመ ባልደረባ ልጠይቅ ወደዚያው ሆስፒታል እየሄድኩ ስለነበር «ለምን መጥተው በዓይንዎ አያዩም?» አልኳቸው። እያቅማሙ ተሳፈሩ።

የሕፃናቱ ክፍል ሞቃትና ጸጥ ያለ ነበር። ዋናዋ ነርስ ከመስተዋቱ ውጭ እንድንቆም ፈቀደችልን። ልጅቱ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ከፊት የሚከፈት ጋውን ለብሳ ወንበሩ ላይ ተደላደለች። ነርሷ ከማሞቂያው ያወጣቻት ሕፃን ጭንቅላቷ ከብርቱካን አይበልጥም፤ ከስስ ቆዳዋ ሥር የደም ሥሮቿ ይታያሉ። እናቷ ከወሊድ በኋላ ሕመም ጠንቶባት ሌላ ክፍል ተኝታለች፤ አባትየውም ከሚስቱ ራስጌ አልተለየም።

ሕፃኗ የልጅቱ ደረት ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ ተቁነጠነጠች። ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። ቆይቶ ግን ያቺ ትንሽ ጀርባ ከልጅቱ ደረት ጋር እኩል ከፍ ዝቅ ማለት ያዘች። ከጎናቸው ባለው የትንፋሽ መቆጣጠሪያ ላይ ሲዋዥቅ የነበረውም ቁጥር ረጋ።

ባለተሳቢው ግንባራቸውን መስተዋቱ ላይ አስደግፈው ቀርተዋል። «ምን አደረገቻት?» ሲሉ አንሾካሾኩ። እሳቸው ሲያንሾካሹኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን መስማቴ ነው።

«ምንም» አለች ነርሷ። «አለችላት፤ ይኸው ነው።»

እኔ መጽሐፍ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው በሰው ይኖራል ብዬ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ ሲኖር ግን ያየሁት በዚያ መስተዋት ነው።

ባለተሳቢው ወደ ነርሷ ዞሩ። «የወንድ ደረትስ ይሆናል?»

«ከተመረመረና ከሠለጠነ ምን ገዶት» አለች ነርሷ።

ተመረመሩ፤ ሥልጠናውንም ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ሥራ ስትውል እሳቸው ይተኳት ጀመር። ሁለት ደቂቃ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው፣ ሕፃኗ እንዳትነቃ ብለው ሳል እንኳ ሲያፍኑ አይቻለሁ። መዳፋቸው ጀርባዋን ሙሉ ይሸፍነው ነበር።

እናትየዋ ድና በተሽከርካሪ ወንበር የመጣች ዕለት እኔም ነበርኩ። ልጇን በዚያ ግዙፍ ደረት ላይ ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አባቴ፣ እስከዛሬ ያቆዩልኝ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ብቻ አይደለሁም ልጄ፤ ተራ ገብተን ነው» አሏት ቀስ ብለው እያስረከቧት። «አሁን ተራው ያንቺ ነው።»

ሕፃኗ የእናቷን ደረት ስታገኝ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰችና ተኛች።

በሌላ ቀን ባለተሳቢውን ከጡረተኛ ሾፌሮች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንዱ ጓደኛቸው «ለመሆኑ ሆስፒታሉ ምን ሰጠህ?» ይላቸዋል።

«እናትየዋ ሳትሳቀቅ ታከመች፤ ነርሶቹ ለሌሎቹ ደረሱ፤ ሕፃኗም ይኸው ክብደት ጨምራ ቤቷ ገባች» አሉት። «እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ስነሣ የምሄድበት አልነበረኝም። አሁን የሚጠብቀኝ አለ። እዚህ ላይ» አሉ ደረታቸውን በመዳፋቸው ነክተው፣ «የሰው ነፍስ ሲረጋ ይሰማሃል። ይህን የሚሰጥ ሌላ ሥራ ካወቅህ ንገረኝ።»

ሰውየው የሸሚዙን ቁልፍ እያሻሸ «የኔ ደረት ፀጉራም ነው፤ ሕፃናቱን አይኮሰኩሳቸውም?» አለ።

«ሄደህ ተመርመር» አሉት ባለተሳቢው። «እሱን እነሱ ይነግሩሃል።»