ከአፈሩ ያመለጠው ኮባልት

ክቡራትና ክቡራን፣ ዶክተር ቦጋለ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን የስንብት ምሳ ያዘጋጃችሁልኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ ስሜ በትክክል ተጽፏል። ሪፖርቱ ላይ ስላላየሁት እዚህ በማየቴ ደስ ብሎኛል።

የምናገረው በአማርኛ ነው። ዶክተር ቦጋለ ይህን ላቦራቶሪ በሰው አገር፣ እዚህ ሴንት ፖል ከተማ ሲከፍቱ አብዛኞቻችንን የቀጠሩን በዚሁ ቋንቋ ነው። ለሌሎቹ ኢቢሴ ትተረጉማለች። ኢቢሴ፣ አደራ፣ እንዳታለሳልሺው።

የምሄደው ኮንትራቴ ስላበቃ ነው ተብላችኋል። እውነት ነው፣ አብቅቷል። ግን ለምን አልታደሰም?

ደንበኛችን ሬዲዮአክቲቭ ኮባልት፣ ማለትም ጨረር የሚያመነጭ ብረት፣ ያለበት ቆሻሻ የቀበረ ድርጅት ነው። የተጠየቅነው ኮባልቱ በአፈሩ አልፎ የሰዎች የጉድጓድ ውሃ ጋ ይደርስ እንደሆነ ነበር። እንደ ልማዳችን የመስታወት ቱቦ አፈር ሞላን፤ ጥቂት ኮባልት ጨመርን፤ የተጣራ ውሃ ከላይ አፈሰስን። አፈሩ ኮባልቱን ይዞ አስቀረው። ሁላችንም ደስ አለን።

እኔ ግን ጠየቅሁ፤ እዚያ ከመሬት በታች የተጣራ ውሃ የሚያፈሰው ማነው? ድርጅቱ ዕቃውን ያጥብበት በነበረው ማጽጃ ውስጥ ብረታ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ኦርጋኒክ ኬሚካል አለ። የተቀበረውም ከቆሻሻው ጋር ነው። ያንኑ ኬሚካል ውሃው ላይ ጨመርኩ። ኮባልቱን ኬሚካሉ ሲይዘው አፈሩ ሊያስቀረው አልቻለም፤ ከውሃው ጋር አልፎ ወጣ።

ዶክተር ቱቦውን በደንብ አጥቤው እንደሆነ ጠየቁኝ። አጥቤ ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ቀጥሎ የላቦራቶሪያችን ዕቃ አጣቢ ጋሽ ኦላና በገዛ እጃቸው አጠቡት። እሳቸው ያጠቡት ዕቃ ላይ የፋብሪካው ስም እንኳ እንደማይተርፍ ታውቃላችሁ። ኮባልቱ አሁንም አለፈ።

ያኔ ዶክተር በሩን ዘጉና፣ "ልጄ፣ የተጠየቅነው ስለ ኮባልት ነው፤ ስለ ሳሙና አይደለም" አሉኝ።

"ውሃውን የሚጠጡት ሰዎች ለያይተው አይጠጡትም" አልኳቸው።

"አንቺ ገና ልጅ ነሽ።"

"እሱን ጊዜ ያስተካክለዋል። ሪፖርቱንስ?"

ሪፖርቱ ወጣ። የእኔ ውጤት "የአሠራር ስህተት" ተብሎ ቀረ። ከዚያ ኮንትራቴ ተከተለ። ቂም አልያዝኩም ብል ውሸት ስለሚሆን አልልም።

የፊታችን ረቡዕ የአካባቢው ነዋሪዎች ስለ ጉድጓዶቻቸው ይሰበሰባሉ። ሪፖርቱ ተነብቦ አትስጉ ይባላሉ። እኔም እጄን አውጥቼ ያየሁትን እናገራለሁ። የድርጅቱ ጠበቃ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊልክብሽ ይችላል ተብያለሁ። አድራሻዬ ያው ሴንት ሉዊስ ፓርክ ነው፤ አልቀየርኩም።

አብራችሁኝ ለሠራችሁ ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ። በዚህ በረዶ በሰላም ያግባችሁ፤ ልጆቻችሁን ለወግ ያብቃላችሁ። ያያችሁትን የምትናገሩበት ድፍረት አይንሳችሁ።

ዶክተር፣ ረቡዕ ከመጡ ከጎኔ ወንበር እይዝልዎታለሁ።