ከአዳራሹ በላይ ያለችው ቤት

አካም ቡልቴ፣ ዙህራዬ! እኔማ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ኧረ ይሄን ንፋስ ምን ነካው? የናዝሬትን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ እኔ ቤት ነው ያራገፈው። ዛሬ ጠዋት የስኳር ዕቃዬን ብከፍት ግማሹ አፈር! ምን አደርጋለሁ፣ አማስዬ ጠጣሁት። አዳማን ከነሻዩ ጠጣኋት!

ቀስ ብዬ ነው የማወራው፣ ልጄ ማርቲ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ አሁን ገና ጋደም ማለቷ ነው። ሌሊቱን ፋብሪካ ስትሰፋ አድራ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ ገባች። እስቲ ከመደርደሪያሽ አንድ ሳሙና ስጪኝ። የልብሱን አይደለም፣ የእጁን። ዛሬ እጄ ቀለም ሳይነካው አይውልም።

ውይ! እንግዳ አለሽ ለካ። ደህና አደርክ፣ ልጄ? አትነሳ፣ አትነሳ! የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ እንዳንተ የሚያምርበት ሰው አላየሁም። አምቦ ውሃህን ጠጣ። የጎረቤት ስምምነት ወረቀትህንም፣ ያቺን የጣት ቀለምህንም ይዘህ ቆየኝ፤ እኔም ጣቴም እዚሁ ነን። ስምንት ሰዓት ላይ የቀበሌው ስብሰባ እንዳለብህ አውቃለሁ፣ አላስረፍድህም። ከዙህራ ጋር ሁለት ቃል ልጫወት ብዬ ነው። ስለ አንተ እንዳይመስልህ ደግሞ! ስለ ሌላ ሰው ነው። አታውቃቸውም።

እና ዙህራ፣ እኚያ በአጥር የሚዋሰኑን ሰውዬ... ስማቸውን ተይው፣ ስም ምን ያደርጋል... እንዴት ያለ ጆሮ ነው የሰጣቸው! እኔና አንቺ የምንሰማበት ጆሮ ነው? ምን በወጣው! የሳቸው የተለየ ነው፣ የተመረጠ ነው። ሻምበልን ታስታውሺዋለሽ አይደል? አውራ ዶሮዬን። ያ ቀዩ፣ ሲራመድ ካፖርት የደረበ የሚመስለው። ምስኪን፣ በቀን አንዴ ቢጮህ ነው... እሺ፣ አትሳቂ፣ አንቺ ፊት አልዋሽም፣ አስር ጊዜ ይጮህ ነበር። ታዲያ እኚያ ሰው አንድ ማለዳ በፒጃማቸው መጥተው በሬን ደበደቡት። «እማማ እንቁ፣ ዶሮው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የሚጮኸው!» አሉኝ። እንዴት አዘንኩላቸው መሰለሽ! ሰው ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ የሚጮህ ዶሮ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሰፊ ቦታ ቢያገኝ ነዋ... ማንም የማይኖርበት...

ማመልከቻም ጻፉበት። በዶሮ ላይ፣ ሦስት ገጽ! ያን ያህልማ ስለ እኔም ተጽፎ አያውቅ። እኔም የሰው ጤና ይበልጣል ብዬ ሻምበልን በቅርጫት አድርጌ መቂ እህቴ ጋ ሰደድኩት። አሁን ሽንኩርት ጫኞቹን እሱ ነው የሚቀሰቅሳቸው አሉ። ደላሎቹ ሳይቀሩ በሱ ድምፅ ነው የሚነሱት። ሹመት አገኘ!

ከሻምበል ቀጥሎ ሙቀጫዬ ሆነች። «ሲወቅጡ ግድግዳዬ ይንቀጠቀጣል» አሉ። አየሽ ይቺን እጄን? በዚች እጅ የብሎኬት ግድግዳ የማንቀጠቅጥ! ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሮ ይሄን ጉልበቴን ሳያውቅልኝ ሞተ። ሰውየው ናቸው ያወቁልኝ። በርበሬዬን ወፍጮ ቤት መላክ ጀመርኩ።

ከዚያ ደግሞ የእድሩ ጥሩንባ። ማለዳ ሲነፋ ልባቸውን ድንግጥ ያደርጋቸዋል። እድሩ ላይ ቆመው ተናገሩ፤ መናገርማ ይችሉበታል። «እንዘምን፣ በስልክ መልእክት ይላክልን» አሉ፣ ተላከ። እኔ ደግሞ ፊደል የት አባቴ አውቄ! አንዱን ባለባጃጅ አንብብልኝ ብለው «ነገ ሦስት ሰዓት ድንኳን ውስጥ እንገናኝ» አለኝና ተሳፋሪ መጣበት፣ ሄደ። ድንኳን ሲለኝ ሰርግ ነው ብዬ፣ ባለጥልፍ ቀሚሴን ለብሼ፣ ከመንገዱ ጀምሬ እልልታዬን እያቀለጥኩት... ለቅሶ ቤት ገባሁልሽ! ሳቂ፣ አሁንማ ሳቂ። ያን ቀን ግን ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። ሟቹ ግን የተቀየመኝ አይመስለኝም፤ በሕይወቱ ማን እልል ብሎለት ያውቃል?

ምነው ልጄ፣ ሳጥኑ ቆረቆረህ እንዴ? ዙህራ፣ ካርቶን ነገር ጣል አድርጊለት። ውይ፣ ጫማህ ሲያምር! እኚያ ሰውዬም ልክ እንደዚህ ያለ ቡናማ ጫማ አላቸው። መገጣጠሙ አይገርምም?

ብቻ ምን አለፋሽ፣ ሰፈራችን ፀጥ አለ። ዶሮ የለ፣ ሙቀጫ የለ፣ ጥሩንባ የለ። እና እኚያ ጆሮ ስስ ሰው በዚህ ሁሉ ፀጥታ ምን ሊሠሩበት ነው ብትይ... ህንፃ! ጂ ፕላስ ሰባት! እንኳን ደስ አለሽ! የማስፈረሚያ ወረቀቱን ያነበበችልኝ ጎረቤታችን ዱሬቲ ናት። ከምድር ሱቅና ስፖርት ቤት፣ ያ ወጣቶቹ ብረት እያነሱ መሬት ላይ የሚለቁት። አንደኛው ፎቅ ላይ የሰርግ አዳራሽ። ጓሮው፣ የኛ አጥር ሥር፣ ጄኔሬተር። ከአዳራሹ በላይ እስከ ጣሪያው የሚከራይ መኖሪያ ቤት። አየሽ ለካ? እኛ ሞኞቹ ጩኸት የጠሉ መስሎን ነበር። ቦታ እያስለቀቁለት ነው እንጂ! አንድ ዶሮ አስወጥተው ስድስት መቶ ሰርገኛ ሊያስገቡ። ሻምበልማ ብቻውን ነበር የሚጮኸው። ስፒከር አልነበረው፣ ሚዜ አልነበረው።

ደግሞ ሰርጉ ብቻ እንዳይመስልሽ። ቀን ቀን ምርቃት አለ፣ ልደት አለ፣ ስብሰባ አለ። አንድም ቀን ባዶ አይውልም ተብሎ ተጽፏል። የማርቲ አልጋ ደግሞ በዚያው አጥር በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው፣ ገብተሽ አይተሽዋል። ባለፈው አፈሩን እንመርምር ብለው ያን መቆፈሪያ አምጥተው ሦስት ቀን ሲያጓሩበት፣ ልጄ ሦስት ቀን ዓይኗን አልከደነችም። በአራተኛው ሌሊት የስፌት መኪናው ላይ እንቅልፍ ጣላት፣ መርፌው ጥፍሯን በስቶ ወጣ። አለቃዋ ደግሞ «ሁለተኛ ካንቀላፋሽ እዚያው ቤትሽ ተኚ» ብሏታል። ቤቷ ተኝታ ማን ሊያኖረኝ ነው? እኔን የምታበላኝ እኮ እሷ ናት።

አይ፣ ምን ቆርጦኝ አነሳሁት! በደስታ መሃል። ጥፍር እንደሁ ይበቅላል። የሳቸው ዓይነት ጆሮ ነው የማይበቅለው።

ደግሞ ሰው ማስማማት ሲችሉበት! ዱሬቲ ቤት ሄደው «እማማ እንቁ ፈርመዋል» አሏት። እኔ ጋ መጥተው «ዱሬቲ ፈርማለች» አሉኝ። አንቺንስ ምን አሉሽ?... ይኸው! «ሁለቱም ፈርመዋል!» ኧረ ጉድ ነው! እኔ ቤቴ ተቀምጬ የሽሮ አተር ስለቅም፣ ጣቴ ለካ ብቻዋን ሰፈሩን እየዞረች ኖሯል። ማታ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፣ አስሩም አሉ። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? ሌላው ሰውን ለማስማማት ስንት ይለፋል፣ እሳቸው ሰዎቹ ሳይሰሙ ጭምር ያስማማሉ።

ድምፁ ግን አይወጣም ብለዋል፣ ሐቁን ልናገር። መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም አሉ። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው የምጠይቅሽ... ያ ሁሉ ከበሮ በመስኮት ካልወጣ፣ የት ነው የሚሄደው? እዚያው ተቀምጦ ይቆያል? ወይስ ደረጃውን ይዞ ከበላዩ ያለውን ቤት ያንኳኳል?

ቆይ፣ ዋናውን ሳልነግርሽ። የእህቴ ልጅ ማስረሻ፣ ሻምበል ያለው እነሱ ቤት ነው፣ በአይሱዙው አሸዋ ያመላልሳል። ባለፈው ሳምንት ባቱ ሐይቁ ዳር ለሚሠራ ቤት አሸዋ አራግፎ ሲመጣ፣ የቤቱን ባለቤት ማንነት ቢነግረኝ... እልል አልኩ! አጥሩ በዛፍ የተከበበ፣ በረንዳው ወደ ውሃው የዞረ፣ ጎረቤት ቢባል አባ ኮዳ ብቻ። አባ ኮዳ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዝም የሚል ጨዋ ወፍ ነው። ህንፃው እዚህ ሲያልቅ፣ ሰውየው ጓዛቸውን ጠቅልለው እዚያ ሊገቡ ነው። ለጆሯቸው ጥሩ ነዋ!

ከዚያ ግን አለቀስኩ፣ ዙህራ። ሙች! እንዴት ጥለውን ይሄዳሉ? ያን ሁሉ ዘፈን፣ ያን ሁሉ ደስታ ለኛ ትተው፣ እሳቸው ከወፍ ጋር ዝም ብለው ሊኖሩ? ለሰው ሲሉ እንዲህ ራሳቸውን ሲጎዱ ዝም ብዬ ልይ? አላይም!

ስለዚህ እስቲ ወረቀቷን ተቀበይው። ስጣት፣ ልጄ፣ ስጣት፣ አትበላትም። እስክሪብቶሽ የት አለ? ያንቺ ጽሕፈት ያምራል። ከታች ካለችው ባዶ ቦታ ላይ ጻፊልኝ። «ከአዳራሹ በላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ቤት የህንፃው ባለቤት መኖሪያ ትሁን። አትከራይም፣ ተቆልፋም አትቀመጥም። እሳቸው ራሳቸው ከነቤተሰባቸው ይኖሩባታል።» በቃ፣ ይቺው ናት። ጄኔሬተሩን አንሱ አላልኩ፣ አዳራሹን ተዉት አላልኩ። ጻፍሽው? አንብቢልኝማ... ጮክ በይ፣ ማርቲን የሚቀሰቅስ አይደለም...

ደስ ሲል! መስታወቱም ድምፅ አያሳልፍ፣ ወለሉም ወፍራም ነው ተብሏል። ምን ገዷቸው? እንቅልፋቸውን ነው የሚለጥጡት። በይ ቀለሙን ክፈቺልኝ። አንድ ጣት ነው የፈለጋችሁት? አስሩንም አትማለሁ! ካነሰም ነጠላ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ የእግሬም አስር አሉ!

...

ምነው ልጄ? ተነሳህ እንዴ? ውሃህን እንኳን ሳትጨርስ? ወረቀቱንስ ምነው አጣጠፍከው፣ የዙህራ ቀለም ሳይደርቅ... ጣቴን እኮ ዘርግቼልህ ነው የቆምኩት! እሺ፣ እሺ፣ ሰውየውን ማማከር አለብህ፤ ያንተ ጉዳይ አይደለማ። መኪናህ ውስጥ ስትገባ ግን በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው፣ እባክህ። እዚህ ሰፈር ድምፅ የማይሆናቸው ሰው አሉ።

ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው፣ ዙህራ? ላብ በላብ ሆነ። ሙቀቱ ነው መሰለኝ። በይ ስምንት ሰዓት ላይ እንዳትቀሪ፣ ዱሬቲንም ይዘናት እንሄዳለን። የፈረመ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ እኔ ዝም ብዬ ሁለት እጄን ነው የማሳያቸው፣ ንጹሕ መሆናቸውን ይዩ። ሳሙናሽን እንኪ፣ መልሺው፣ ዛሬስ የሚታጠብ አልተገኘም።

ቆይ ቆይ፣ መኪናው ሳይነሳ። መስኮቱ ክፍት ነው አይደል? ለኚያ ሰውዬ አንድ ምርቃት ልላክላቸው፣ እሱ ጆሮ ከገባ እሳቸው ጆሮ ገባ ማለት ነው። ያለ ምርቃትማ ጎረቤት አይሸኝም።

እግዚአብሔር ያሰቡትን ህንፃ ከፍጻሜ ያድርስልዎት። አዳራሽዎ አንድም ቀን ሰው አይጣ፣ ሰርጉ በሰርግ ላይ ይደረብ። ያቺን ከበላዩ ያለችውን ቤት ያሙቅልዎት፣ ከሷ አውጥቶ ሌላ አገር፣ ሌላ ሐይቅ አያሳይዎት። መቶ ዓመት ይኑሩልን። ጸጉርዎ በክብር ይሸብት፣ ጉልበትዎም በወጉ ይድከም፣ ዓይንዎም እንደ ሰው ደከም ይበል... ያ ጆሮዎ ብቻ፣ ያ የዶሮ ድምፅ እንኳን የማያመልጠው ጆሮዎ፣ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ እንደ ዛሬው ንቅት ብሎ ይኑርልዎት።

አሚን በይ እንጂ፣ ዙህራ!